አርፋለች

ከአማርኛ ቃላት መካከል አንዲቱን አልጽፋትም። ዘመድ ሲሞት የሐዘን ደብዳቤ አርቅቂልን ስባል «አረፈ» የሚባልበት ቦታ ላይ ስደርስ ብዕሩን ለሌላ ሰው አቀብላለሁ። ባለቤቴ ግትርነት ይለዋል። ግትር ነኝ፣ አልክድም፤ ይሄኛው ግን ከግትርነት አይደለም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ አምቦ ውስጥ፣ ሚስዮኖች ጥለውት በሄዱት የሴቶች አዳሪ ቤት ነው። ጸሎት ቤቱ ታሽጎ የእህል መጋዘን ሆኗል። አዳሪ ቤቱን ግን የሚረከብ ስላልተገኘ እንደ ነገሩ ይሠራ ነበር። እኛ አርባ የማንሞላ ልጆች፣ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ፣ አንዲት ወጥ ቤት፣ ከሁላችን በላይ ደግሞ እትዬ የምንላቸው ኃላፊያችን ነበሩ። እትዬ ዓይናቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ግን ከግቢው አጥር አልፎ የሚሰማ ሴት ነበሩ።

እርስ በርሳችን በስም አንጠራራም ነበር። የመጣንበት አገር ነው ስማችን። እኔ ጊንጪ ነበርኩ። ከሐሮ ወንጪ የመጣችው ትንሽ ልጅ ወንጪ ነበረች። አልጋዋ ከአልጋዬ ጋር የተጋጠመው፣ በክፍልም ከእኔው ጋር ሰባተኛን የምትማረው ደግሞ ከጎጆ ከተማ ስለመጣች ጎጆ ነበረች። አዲስ ሰው ግቢ ገብቶ «ጎጆ ወደቀች»፣ «ጎጆ ዛሬ ቁርስ አልበላችም» ሲባል ሲሰማ ዓይኑ ይፈጥ ነበር፤ እኛም በዚያ እንስቅ ነበር። ጎጆ የደጋ ልጅ ናት። አምቦ ትሞቃታለች፤ በክረምት እንኳ እግሯን ከብርድ ልብስ አውጥታ ነው የምትተኛ። የእኔን ጽሕፈት እንደ እሷ አድርጎ የሚቀልድበት አልነበረም። «ጊንጪ፣ አንቺ እኮ ጨው አቀብዪኝ ለማለትም መግቢያና መደምደሚያ ትጽፊያለሽ» ትለኝ ነበር።

እውነቷን ነው። ጽሕፈቴ ያምር ነበር፣ ማማሩንም አውቅ ነበር። ሰኔ ሲሆን ልጆቹ ሁሉ አውቶግራፋቸውን ተሸክመው ይከቡኛል፤ ለእያንዳንዷ ወርቅ፣ አበባና እንባ የበዛበት አንድ ገጽ እጽፋለሁ። የቤት ደብዳቤም እኔ ነኝ የምጽፍላቸው። አብዛኞቹ በቤታቸው ኦሮምኛ ነው የሚናገሩ፤ በአማርኛ ለአባት ደብዳቤ መጻፍ ያስፈራቸው ነበር። የዓመቱ ማለቂያ ደብዳቤ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ «ትምህርታችን አብቅቶ በሰላም አርፈናልና መጥተው ይውሰዱኝ።» ይህቺን ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ ጽፌያታለሁ። ለጎጆ አባትም ባለፈው ዓመት ጽፌያታለሁ።

የዓመቱ መጨረሻ ሲባል ሰው ደስታ ይመስለዋል። በእኛ ቤት የዓመቱ መጨረሻ ትኋን ነበር። ሰኔ ሲጋመስ ፍራሾቻችንን ተሸክመን ወደ ጓሮ እናወጣለን፤ ስፌቱን ተርትረን ዓመት ሙሉ የተኛንበትን ጭድ እንዘረግፋለን። ጭዱ ደቅቆ አቧራ ሆኗል። እሳት ሲለቁበት፣ ዝናብ ስለነካው፣ አይነድም፤ ሲጨስ ይውላል። ብርድ ልብሱ በበርሜል ይቀቀላል። የፍራሹን ልባስ ሁሉቃ ወንዝ ወርደን እናጥባለን፤ ወንዙ በሰኔ ስለሚደፈርስ ነጭ ይዘን ሄደን ቡናማ ይዘን እንመለሳለን። ያን ሰሞን በባዶ ሽቦ አልጋ ላይ ነጠላችንን አንጥፈን ነው የምናድር። ከዚያ አባቶች መምጣት ይጀምራሉ። በየቀኑ በር ላይ አንድ በቅሎ ታስሮ ይታያል፣ ማታ በገበታው ላይ አንድ ቦታ ክፍት ይሆናል። ከሄዱት አንዳንዶቹ በመስከረም አይመለሱም። «ዳሯት» ይባላል፣ ወሬው በዚያው ያልቃል።

የዚያን ዓመት የልባስ ማጠቢያው ቀን ጎጆ ወንዝ አልወርድም አለች። ራሴን ያመኛል ብላ ሽቦው ላይ ተጠቅልላ ተኛች። እኔ ተናደድኩ። የእሷንም የእኔንም ልባስ ተሸክሜ ስወጣ «የአባትሽ በቅሎ ስትመጣ ራስምታትሽ ይለቅሻል» አልኳት። ሳቀች። ስንመለስ እግሯን በብርድ ልብስ ሸፍና አገኘኋት፤ ያኔ ነው የደነገጥኩት። ጤና ጣቢያ ወሰዷት፣ ተስቦ ነው ተባለ፣ መርፌ ተወግታ ክኒን ይዛ ተመለሰች። በአምስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል፣ ሞተች። እጇን የያዝኩ ይመስለኝ ነበር፤ የያዝኩት ግን ሽቦውን ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

እትዬ መጀመሪያ ጮኹ፣ ከዚያ ሥራ ጀመሩ። ጎጆን አጥበው ገንዘው መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ዴስክ ገጥመው አስተኟት። እኔን ጠሩና ወረቀት አስያዙኝ። «ለአባቷ ጻፊ። ልጅዎ በጣም ታማለችና ቶሎ ይድረሱ በይ። መሞቷን እንዳትጠቅሺ። ሞት በደብዳቤ አይነገርም፤ ሲመጡ ሰው ሰብስበን እናረዳቸዋለን። አባቷ ሳይደርሱ አትቀበርም» አሉኝ። እህል ሊጭን ወደ ጎጆ የሚወጣ የጭነት መኪና ከመናኸሪያው ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል። አባቷ በማግስቱ ደብዳቤው ከደረሳቸውና ያን ሰዓት ከተነሱ ሐሙስ ቀትር ላይ አምቦ ይገባሉ። እስከዚያ ልናቆያት ነው።

ያዘዙኝን ብጽፍ ኖሮ። ግን እኔ ዐዋቂ ነኛ! «ታማለች» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደረከሰ የማውቅ እኔ ነኝ። ስንቅ ያጠራት ልጅ ሁሉ «ታምሜያለሁ» እያስባለች ስታጽፈኝ ነው የከረመች፤ አባቶችም ለምደውት ዝም ይላሉ። ጎጆ ራሷ በጥር አጽፋኝ ጩኮ ነው የተላከላት። ስለዚህ ታማለች ብል አይመጡም ብዬ አሰብኩ። «ሞተች» ማለት ደግሞ ለባላገር አባት ድንጋይ መወርወር መሰለኝ። በመካከል የምትገኝ አንዲት የተከበረች፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የትልልቅ ሰዎች ቃል አውቅ ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ልጅዎ ዛሬ ማለዳ በሰላም አርፋለችና መጥተው ይውሰዷት።» «ቶሎ» የምትለዋን ራሴ አስወጣኋት። ልጁ ያረፈችበት ሰው ቶሎ ና ይባላል እንዴ ብዬ ነው። አነበብኩት፣ አማረኝ። ጓደኛዬ ዴስክ ላይ ተኝታ ጽሕፈቴ አማረኝ። እትዬ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ከግርጌው ፈረሙ፤ ዘበኛው ይዞ ሮጠ።

ረቡዕን ጠበቅን። ሐሙስ ከማለዳው ጀምሮ ልጆቹ በየተራ በር ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ። ዝናቡ ለአፍታም አላባራ። የትምህርት ቤታችን መምህራንና የሰፈር ወንዶች ከአምስት ሰዓት ጀምረው መቃብሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ጉድጓዱ ውሃ እየቋጠረ አስቸገራቸው፣ በእኛ የወጥ ሳህን ነበር የሚቀዱት። ሰባት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሆነ። እትዬ «አንድ ሰዓት ብቻ» እያሉ ሦስቴ ለመኑ። በመጨረሻ ከመምህራኑ ትልቁ ቀረብ ብሎ «እትዬ፣ ከዚህ በላይ ለእሷም ክብር አይደለም» አላቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርናት። የጥቁር አፈሩ ጭቃ ከአካፋው አልላቀቅ ብሎ በእጃቸው እየገፉ ነው የመለሱት። «ምን ዓይነት አባት ነው!» አለች አንዷ ልጅ። እኔም በልቤ እንደዚያው አልኩ። እሱን ነበር የተቆጣሁት።

ዓርብ ጠዋት ትንሿ ወንጪ ወረቀት ይዛ መጣች። «ጊንጪ፣ ለአባባ ጻፊልኝ፣ መጥቶ ይውሰደኝ፣ እዚህ ፈራሁ» አለችኝ። ተቀመጥኩና እንደ ልማዴ ጀመርኩ። «ትምህርታችን አብቅቶ በሰላም አርፈና...» ላይ እጄ ቀጥ አለ። ፊደሎቹን አየኋቸው፣ አየኋቸው። ወንጪ «ምነው? ቃሉ ጠፋሽ?» አለችኝ።

ሌላ ደብዳቤ ልላክ ብዬ በዝናብ መናኸሪያ ሄድኩ። ወደ ጎጆ የሚወጣ መኪና የለም፤ መንገዱ ተቆርጧል፣ መቼ እንደሚጠገን አይታወቅም አሉኝ። ለእትዬ ልነግራቸው በራቸው ድረስ ሁለቴ ሄጄ ሁለቴ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት የቻልኳቸው አንድ ነገር ብቻ እየለመንኩ ነው፤ ሰውዬው በመንገድ ላይ ከሌላ ሰው አፍ ይስማው እያልኩ። ይህን መለመን ምን ዓይነት ጭካኔ እንደሆነ ይገባኝ ነበር። ቢሆንም ለመንኩ።

ልጆቹ አንድ በአንድ ሄዱ። እኔ ጊንጪ ለመድረስ አንድ አውቶቡስ ነበር የሚበቃኝ፤ እትዬን ዕቃ ላስረክብ ብዬ ቀረሁ። በስምንተኛው ቀን፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ አባቷ መጡ። በቅሎዋ ታጥባለች፣ ኮርቻዋ ላይ አዲስ ግላስ ተጥሏል። ሰውዬው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ጋቢያቸው ግን ነጭ ነው፤ ከከተማው መግቢያ ላይ ቀይረው ነው የለበሱት። ዘበኛውን «አካም ቡልተን!» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ፊታቸውን ሳይ ማንም እንዳልነገራቸው ገባኝ። የሚስቅ ፊት ነበር።

እትዬ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ሄደዋል። ዘበኛው በቅሎዋን ተቀበለና በአጠገቤ ሲያልፍ ዝቅ ብሎ «ሰው ልሰብስብ፤ እትዬንም ልጥራ። እስከዚያ አጫውቻቸው። ፊትሽ እንዳያስታውቅ!» አለኝ። ልማዱ ይህ ነው። መርዶ ለብቻ ለቆመ ሰው በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ሰው እስኪሞላ ድረስ ባለ ሐዘኑ ይቀመጣል፣ ይጫወታል። አጫዋቿ እኔ ሆንኩ።

በረንዳው ላይ ወንበር ሰጠኋቸው። «ኢንተሊ ኮ ኤሰ ጅርቲ? ልጄ የት አለች?» አሉኝ። «ወንዝ ወርዳለች» አልኳቸው። እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም። «እናጥባለን፤ የፍራሽ ልባስ።» ራሳቸውን በደስታ ነቀነቁ። በኦሮምኛ ልናገራቸው ብጀምር በእጃቸው ከለከሉኝ። «አማርኛ፣ አማርኛ። እኔ አሁን ተማሪ ነኝ» አሉ። በቀበሌያቸው የመሠረተ ትምህርት ገብተው ዘንድሮ የምስክር ወረቀት ወስደዋል። ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት አወጡ። «ድሮ ባለሱቁ ነው የሚያነብልኝ። ይህቺን ግን ማንም አልነካት። ረቡዕ ማለዳ መጣች፤ እኔ ራሴ አነበብኩ። በዕድሜዬ የመጀመሪያ ደብዳቤ!» አሉ። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አድርገው ያነቡልኝ ጀመር። «ል፣ጅ፣ዎ። ልጅዎ። ዛሬ ማለዳ። በሰላም። አር፣ፋ፣ለ፣ች። አርፋለችና።» ቀና ብለው አዩኝ። ትክክል ነው ወይ ብለው ነበር የሚጠብቁት።

«ጎበዝ ነዎት» አልኳቸው።

«ቃሉን ካምናው ደብዳቤ አውቀዋለሁ። ዕረፍት፤ በእኛ ቦቆና እንላለን። እናቷ ዛሬውኑ ሂድ አለችኝ። ዕረፍት ላይ ናት፣ ምን ያስቸኩላል፣ ገብሱን ዘርቼ ልሂድ አልኳት። ሐሙስ ስዘራ ዋልኩ። ማን ጻፈው? እሷ ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ከስልቻቸው ጩኮ አውጥተው ሰጡኝ። በገብስ ዱቄትና በተነጠረ ቅቤ የተለወሰ፣ እናቷ ለመንገዷ የላከችላት ነው። እሷ እስክትመጣ ቅመሺ አሉኝ። በላሁ። በውሃ አወረድኩት። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ትበላለች ወይ? ጠባይዋ እንዴት ነው? ስንተኛ ወጣች? ለሁሉም መለስኩ። ዘንድሮ ለትዳር ጠያቂ መጥቶላት ነበር፣ «ፊደል እስክጨርስ አልሰጣትም ብዬ መለስኩት፤ እኔም እንደሷ ተማሪ ነኛ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ሰዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ገቡ። መምህራኑ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ በመጨረሻም እትዬ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ሰውዬው በትሕትና ብድግ ብለው ሁሉንም ሰላም አሉ። ሦስተኛውን ሰው ሲጨብጡ ዘገዩ። የቆሙትን ቆጠሩ። ከዚያ አማርኛውን ተዉት።

«ዱቴ?» አሉ። ሞተች ወይ ማለታቸው ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የተዘጋጀበትን ቃል ጀምሮ ነበር፣ አልጨረሰውም። ሰውዬው በረንዳው ላይ ቁጭ አሉ፤ ወንበሩ ላይ አይደለም፣ መሬቱ ላይ። እትዬ እየጮሁ ደረታቸውን መቱ። መቃብሩ ዘንድ ወሰዷቸው። እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ራስጌዋ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁ፤ አሳየኋቸው። ጋቢያቸውን አውልቀው ጭቃው ላይ ዘረጉት፤ እዚያው ላይ ብዙ ቆዩ።

ሲመለሱ እትዬ «ታማለች ብለን ልከንብዎት ነበር፤ መንገዱ ነው የያዘዎት፣ አይፍረዱብን» አሏቸው። ሰውዬው ደብዳቤውን ሰጧቸው። እትዬ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። አነበቡት። አዩኝ። የማውቀው ያ ጩኸታቸው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ ሊመጣልኝም ፈለግሁ። ወረቀቱን አጥፈው መለሱላቸውና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ የለባቸውም። ጣታቸውን ቃሏ ላይ አድርገው፣ ተማሪ መምህሩን እንደሚጠይቅ ጠየቁኝ። «አርፋለች ማለት ሌላም ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ሌላም ነው» አሉ። «መምህሩ ይሄን አልነገረንም።»

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ለቅሶዬ ቀደመኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ። ከዚያ ያሉት ግን ለእኔ አልነበረም፤ ለራሳቸው በኦሮምኛ ነው የተናገሩት። እናቷ አሁንም ደስ ብሏት እየጠበቀች ነው አሉ። ለፀጉሯ ቅቤ እያነጠረችላት ትቻት ነው የመጣሁት አሉ።

ያን ምሽት ሽማግሌዎቹ ዘንድ አደሩ። በማግስቱ ማለዳ ሲነሱ በቅሎዋን አልወሰዱም። ቤታቸው ኮረብታ ላይ ነው፤ መንገዱ ከሩቅ ይታያል። እናቷ የበቅሎዋን ኮርቻ ባዶ ካየች ሰው ሳይደርስላት ታውቃለች አሉ። ዘበኛው ጋ ትተዋት በእግራቸው ሄዱ። ዕቅዳቸውን ለእትዬ ሲነግሩ ሰማሁ። ዓርብ ሲመሽ ይደርሳሉ። ቤታቸው አይገቡም፤ ጎጆ ከተማ ወንድማቸው ዘንድ ተደብቀው ያድራሉ። ወንድማቸው ዘመድና ጎረቤት ያስጠራል። ቅዳሜ ሊነጋ ሲል፣ እናትየው እሳት ሳታያይዝ፣ አብረው ይገቡባታል።

ዓርብ ጊንጪ፣ ቤቴ ገባሁ። እናቴ አቀፈችኝ፣ ከሳሽ አለችኝ፣ አበላችኝ። ቅዳሜ ከሁሉ ቀድሜ ነቃሁ። በሩን ከፍቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ዝናቡ አባርቷል፤ ወደ ጎጆ የሚወጣው መንገድ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው የሚጀምረው። ሰማዩ ከምሥራቅ በኩል ሲገረጥ ሰዓቱ መሆኑን አወቅሁ። አሁን አጥሩ ጋ ደረሱ፣ አሁን ከፈተችላቸው፣ አሁን ስንት ሰው እንደሆኑ እያየች ነው እያልኩ ቆምኩ። እናቴ ከውስጥ «ምን ሆነሽ ነው በማለዳ? ነይ እንጂ፣ ዕረፍት ላይ አይደለሽም እንዴ!» ብላ ተጣራች።